«እንደደረሰኝ ነው» አትበሉ

ወገኖቼ፣ ሐሰተኛ ወሬ ጉዳት ባደረሰ ቁጥር የምንረግመው የፈበረከውን ሰው ነው። እርግማኑ ይገባዋል። ግን ያ ሰው ብቻውን የት ያደርሰዋል? ከስልክ ወደ ስልክ የምናሻግርለት እኛው ነን።

እ.ኤ.አ. በ2018 ህንድ ውስጥ አንድ ቪዲዮ በዋትስአፕ ተዛመተ። በሞተር ሳይክል የመጡ ሁለት ሰዎች፣ መንገድ ላይ ከሚጫወቱ ልጆች አንዱን አፈፍ አድርገው ሲሄዱ ያሳያል። ቪዲዮው በእርግጥ የተሠራው በፓኪስታኗ ካራቺ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲጠብቁ ለማስተማር ነበር፤ መጨረሻው ላይ ሰዎቹ ልጁን መልሰው ያመጡታል። ያቺ መጨረሻ ተቆርጣ ወጣች። በዚህና በመሰል ወሬ የተቆጣ ሕዝብ፣ ምንም የማያውቁ መንገደኞችን ልጅ ሰራቂ ናችሁ ብሎ ቀጥቅጦ ገደለ። ቪዲዮውን ካስተላለፉት ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች ነበሩ ብዬ አላምንም። ለልጆቻቸው የሰጉ ወላጆች ነበሩ። እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው፤ አታላይ የሚገባው በስጋታችንና በፍቅራችን በኩል ነው።

በዚያው ዓመት ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትዊተር ላይ የተሰራጩ ወደ 126,000 የሚጠጉ ወሬዎችን መርምረው፣ ሐሰቱ ከእውነቱ ይልቅ ፈጥኖና ሰፍቶ እንደሚዛመት አሳተሙ። በኮምፒውተር ፕሮግራም በሚንቀሳቀሱ አካውንቶች ማሳበብም አልተቻለም፤ እነሱ ሐሰቱንም እውነቱንም እኩል ነበር የሚያፋጥኑት። ልዩነቱን ያመጣው ሰው ነው።

ስለዚህ «እንደደረሰኝ ነው የላክሁት» አትበሉ። «ለማንኛውም ይጠንቀቁ ብዬ ነው» የሚለውንም ሰበብ ተዉት፤ የህንዶቹም ወላጆች ሐሳብ ይኸው ነበር። ደም የሚያፈላ ነገር ሲደርሳችሁ መቼ፣ የት፣ በማን እንደተቀረጸ ጠይቁ። ፎቶ ከሆነ በጉግል የምስል ፍለጋ ከዚህ በፊት የት እንደወጣ ፈልጉ። መልስ ካጣችሁ እናንተው ዘንድ ይቅር።

ከሁሉ የሚብሰው ዝምታችሁ ነው። ውሸትነቱ ሲታወቅ ከስልካችሁ አጥፍታችሁ ምንም እንዳልተፈጠረ ታልፋላችሁ። የላካችሁለት ሰው ግን እንዳመነው ነው፤ ጎረቤቱንም በዚያው ጥርጣሬ ያየዋል። በተለይ ውሸቱ የራሳችሁን ወገን የሚያስደስት ሲሆን ማረሚያው ከአፋችሁ አይወጣም። ይህ ነውር ነው! ወሬውን ወዳሰራጫችሁበት ግሩፕ ተመለሱና «ያ የላክሁት ውሸት ነው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ያላነበበው ካለ ደውላችሁ ንገሩት።