ኧረ ሄሊኮፕተሩን አጥፉልን

ጌም ቤት ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ይቺን አንብቡልኝ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ካሉት አንዱ ጋ ነው የምጫወተው፣ የታክሲ ሰልፍ ጨርሼ ሰፈር ስደርስ ይመሻል፣ ቤት ከመግባቴ በፊት ትንሽ ልጫወት ብዬ ጎራ እላለሁ። ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ስለሆኑ አዲስ ጌም አይችሉም፣ ያለው ኮል ኦፍ ዲዩቲ 4 የሚባለው የተኩስ ጌም ነው፣ የ2007ቱ። እወደዋለሁ እኮ፣ ስለምወደው ነው እንደዚህ የሚያናድደኝ።

ሳትሞት 3 ሰው ከገደልክ ዩኤቪ የሚሉት ሰላይ አውሮፕላን ይሰጥሃል፣ ጠላት የት የት እንዳለ ማፕ ላይ ታያለህ፣ 5 ስትሞላ የአየር ድብደባ፣ 7 ስትሞላ ሄሊኮፕተር። እሺ ጎበዝ ነህ፣ ጎበዝነትህን በ7ቱ አሳየኸን፣ ከዛ በኋላ የሚገድለው ግን ሄሊኮፕተሩ ነው እንጂ አንተ አይደለህም!! እየመራ ላለው ሰው ነው ሌላ የሚጨመርለት፣ ሲሞት ለዋለው ምንም። ካውንተር ስትራይክ የሚባለው ሌላው የተኩስ ጌም ላይ እኮ ራውንድ የተሸነፈ ቲም 1400 የጌም ዶላር ያገኛል፣ ደጋግሞ ከተሸነፈ እየጨመረ እስከ 3400 ይደርሳል፣ ቢያንስ ደህና መሳሪያ ገዝቶ ተመልሶ እንዲገጥም ታስቦ ነው። ሰው ተሸንፎም ተስፋ ይኖረዋል። ማርተርደም የሚሉትማ ይባስ፣ ሰውዬው ሞቶም ቦምብ ይጥልብሃል፣ በተለይ ሺፕመንት የምትባለው ጠባብ ማፕ ላይ፣ በኮንቴይነሮቹ መሃል ማምለጫ የለም፣ ይሄ ምን ችሎታ ይባላል?

ባለፈው ሐሙስ አጠገቤ አንድ ልጅ ተቀመጠ፣ 12 ዓመት ቢሆነው ነው፣ የትምህርት ቤት ሹራቡን አላወለቀም፣ የተጨማደዱ አስር ብሮች ቆጥሮ ከፈለ። ኪቦርዱ ላይ ወደፊት የምታስኬደው ደብልዩ ፊደሏ ተፍቃለች፣ በጣቱ እየዳበሰ ፈልጎ አገኛት። ጌሙ ውስጥ ገና ሲነሳ ሄሊኮፕተሩ መታው፣ ተነሳ፣ መታው፣ እንደገና ተነሳ ጥግ ሳይደርስ መታው። ከዛ እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ጉልበቶቹ መሃል ከተተና ዝም ብሎ ስክሪኑን ማየት ጀመረ። ሩብ ሰዓት እየቀረው ተነስቶ ወጣ፣ ቀና ብሎ ያየው እንኳን የለም፣ ሄሊኮፕተሩን የጠራው ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ ይጮሃል።

ደግሞ ዓላማ የሚባለው ነገር ጠፍቷል። ዶሚኔሽን የሚባለው አጨዋወት ስንገባ ሦስት ባንዲራ አለ፣ መያዝ ነው ስራው፣ እኔ ቢ የሚባለው ባንዲራ ላይ ብቻዬን ቆሜ እሞታለሁ፣ የኔ ቲም ግን ሁሉም ኪል ለቀማ ሄዷል። ተሸንፈን ስንወጣ እንኳን ወሬው ስንት ገደልክ ነው፣ ባንዲራው ማንም ትዝ አይለውም።

ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ፣ ሄሊኮፕተሩን ሰርቨሩ ላይ ማጥፋት ይቻላል፣ ከባድ ነገር አይደለም። "ደንበኛ ይሸሽብኛል" አለኝ። ወንድሜ፣ የሸሸው እኮ ያ ልጅ ነው፣ ከሐሙስ ወዲህ አላየሁትም፣ ስንቱ እንደሱ ከፍሎ ወጥቶ እንደቀረ ማን ቆጠረ? አንድ ሳምንት ብቻ አጥፍተህ ሞክረው፣ አጨዋወቱን ሰርች ኤንድ ዲስትሮይ የሚባለው አድርገው፣ የሞተ ራውንዱ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ይይ፣ ሁሉም ለነፍሱ እየተጠነቀቀ ተጋግዞ ይጫወታል። ልጁ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ የሱን ሰዓት ሂሳብ ከኔ ተቀበል።