እርማት፦ «ሲ ሴ ፑዌዴ» ከኦባማ የመጣ አይደለም

ወንድሜ ስፓኒሽ ለሚማሩ ሰዎች የማበረታቻ አባባሎችን ሰብስበህ ማስቀመጥህ በጣም አሪፍ ነው፣ ግን «ሲ ሴ ፑዌዴ» (ይቻላል) የሚለው ከኦባማ የ2008 የምርጫ ቅስቀሳ መፈክር «የስ ዊ ካን» (አዎ እንችላለን) ተተርጉሞ የመጣ ነው ያልከው ልክ አይደለም፣ ብዙ ሰውም እንደዛ ነው የሚያወራው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በፈረንጆቹ 1972 አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ የእርሻ ሰራተኞች በምርት መሰብሰቢያ ሰዓት ስራ እንዳያቆሙ የሚከለክል ህግ ወጣ፣ የእርሻ ሰራተኞች ማህበር መሪው ሴሳር ቻቬዝም ይሄን ተቃውሞ ፊኒክስ ላይ ጾም ጀመረ፣ እዛ የነበሩ ሰዎች ግን እዚህ ስቴት ውስጥማ አይቻልም እያሉ ተስፋ ሲቆርጡ ማህበሩን አብራው የመሰረተችው ዶሎሬስ ዌርታ ናት ይቻላል እንጂ ብላ የመለሰችላቸው፣ ከዛ በኋላ የሰራተኛ ማህበሩ መፈክር ሆኖ ቀረ። ኦባማ ራሱ በ2012 የነጻነት ሜዳሊያ ሲሸልማት መፈክሩን ከሷ እንደወሰደ በግልጽ ተናግሯል። የሷ ስም እንዲህ መረሳቱ በጣም ነው የሚያናድደኝ። ደሞ ለመጠቀም ፖለቲካ አያስፈልገውም፣ ስታዲየም ውስጥ ቡድናቸው ጎል ሲቆጠርበት ደጋፊዎች ይጮሁታል፣ ፈተና ለፈራ ጓደኛም ይባላል። ጓደኛህ የሰነፈ እንደሆነ ግን «ፖንቴ ላስ ፒላስ» (ንቃ፣ ተነሳና ስራ እንደማለት) በለው፣ ሜክሲኮዎች ደግሞ «ኤቻሌ ጋናስ» (በርታ እንደማለት) ይላሉ።