«ቫይታሚን እኮ ነው» አትበሉ

ወገኖቼ፣ «ቫይታሚን እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ማለቱን ተዉ። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣው ትልቅ ብልቃጥ ቤት ሲገባ ጽሑፉን የሚያነብ የለም። እናት ትውጣለች፣ አባት ይውጣል፣ የተረፈው ለጎረቤት ይታደላል። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ግን አይረን፣ ካልሲየም፣ ዚንክና ማግኒዥየም ጭምር ነው። እነዚህ ማዕድናት አንዳንዱን የታዘዘ መድኃኒት ሆድ ውስጥ ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። እናንተ ውጣችኋል፤ ሰውነታችሁ ግን አላገኘውም።

ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ከአይረን ወይም እንደ ማግኒዥየም ያለ ማዕድን ካለበት የጨጓራ ሽሮፕ ጋር አብሮ ሲወሰድ ይደክማል። በሽተኛውም «ሲፕሮው አልሠራልኝም» ብሎ ሌላ ጠንካራ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል። ሲፕሮ ከማዕድኑ ቢያንስ 2 ሰዓት መቅደም ወይም 6 ሰዓት መዘግየት አለበት። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ላይ ሲፕሮ የሚወስድ ሰው አይረኑን ከረፋዱ 3 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ይዋጥ።

ከሁሉ የሚያስጨንቁኝ ዶሉቴግራቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስዱ ናችሁ፤ በተለይ ነፍሰ ጡር እኅቶቼ፣ አይረን ስለሚሰጣችሁ። ከምግብ ጋር ከሆነ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል። በባዶ ሆድ ከሆነ ግን የ2 እና የ6 ሰዓቱ ልክ እዚህም ይሠራል። የምትጾሙ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳትቀምሱ ሁለቱን ባንድ ጉንጭ ውኃ አታወራርዱ። ሰው ያውቅብኛል ብላችሁም ከፋርማሲስቱ አትደብቁ፤ ካልነገራችሁት የሚሰጣችሁ ነገር መድኃኒታችሁን ሊያከሽፍባችሁ ይችላል።

ለታይሮይድ ሌቮታይሮክሲን የምትወስዱ፣ ከካልሲየምና ከአይረን 4 ሰዓት አራርቁት።

ፖታሲየም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ሰዓት ማራራቅም አያድንም። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል፣ ለልብ ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድ ሰው ፖታሲየም በደሙ ሊጠራቀም ይችላል። በዚያ ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የፖታሲየም ኪኒን ሲጨመርበት የልብ ምት እስከ መዛባት፣ ከዚያም አልፎ እስከ መቆም ይደርሳል። «ለግፊት ጥሩ ነው» ተብሎ ከውጭ የሚላከው ሶዲየም የሌለው ጨውም ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ነው። በውጭ ያላችሁ፣ ለወላጆቻችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉና ምን ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ጠይቁ። ፍቅራችሁን አውቃለሁ፤ ይህችን ጥያቄ ግን አትዝለሏት።

ይህን ሰምታችሁ የታዘዘላችሁን እንዳታቋርጡ፤ ነፍሰ ጡሮችም አይረኑን እንዳትጥሉ። ብልቃጡን እንዳለ ይዛችሁ ፋርማሲ ሂዱ፣ ከመድኃኒታችሁ ጎን አስቀምጡና የትኛውን በስንት ሰዓት እንደምትውጡ አስጽፉ።