ስለ ፕሬይመር አንድ ነገር ልጨምር

ስለ ምሽግ ቤተክርስቲያናት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ሩማንያ ውስጥ ስላለው የፕሬይመር ምሽግ ቤተክርስቲያን ሲያወራ፣ የግንቡን ቁመትና ውፍረት ነግሮን አለፈ። የእኔን ልብ የሚነካው የግንቡ ውስጠኛ ገጽ ነው።

ወደ 12 ሜትር ከፍታ ካለው ግንብ በስተውስጥ፣ ከ270 በላይ ትናንሽ ክፍሎች እንደ ንብ ቀፎ ተደራርበው ተሠርተዋል። መውጫቸው የእንጨት ደረጃ ነው። እያንዳንዱ የመንደሩ ቤተሰብ የራሱ ክፍል ነበረው። በሰላም ጊዜ እህሉን ያስቀምጥበታል። ጠላት ሲመጣ ልጆቹን ይዞ ይገባበታል። ትምህርት ቤት ሳይቀር እዚያው ነበራቸው! ከበባው ቢረዝምም ልጆቹ ከትምህርታቸው እንዳይስተጓጎሉ ማሰባቸው ይገርመኛል።

መሃል ላይ ያለው ቤተክርስቲያን ከግንቡ ይቀድማል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በመስቀል ቅርጽ የጀመሩት የቴውቶን ፈረሰኞች የሚባሉት የጀርመን መስቀል ጦረኞች ናቸው። የሃንጋሪው ንጉሥ ዳግማዊ አንድራስ እ.ኤ.አ. በ1211 ወደ አካባቢው አምጥቷቸው፣ በ1225 መልሶ አባረራቸው። ግንቡ እንዲህ የጠነከረው በኋላ፣ የኦቶማን ወረራ ሲበረታ ነው።

ሌላው፣ የመንደሩ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሰፋሪዎች የሚጠሩበት «ሳክሶን» የሚለው ስም አያሳስታችሁ። ብዙዎቹ ሰፋሪዎች የመጡት ከራይንና ከሞዘል ወንዞች አካባቢ ነው።

ፕሬይመር እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሚያሳዝነው፣ ያን ጊዜ አብዛኞቹ ሳክሶኖች አገሩን ለቀው ወደ ጀርመን ሄደው ነበር። ክፍሎቹ በራቸው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ባዶ ቀሩ። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጽሑፍ ስለ እነዚህ ቤተሰቦች ጻፉልን።