የጠንቋይ አሻንጉሊት ለሚሸምቱ ሁሉ የቀረበ ውዳሴ

ከጀርመን የሃርዝ ተራሮች ሰሞኑን የተመለሰ ወዳጄ ስጦታ አመጣልኝ፦ አፍንጫዋ እንደ ማጭድ የተቆለመመ፣ አገጯ ላይ ኪንታሮት የበቀለባት፣ መጥረጊያ የጋለበች አሮጊት አሻንጉሊት። «ማድ ቤት ብትሰቅላት ገድ ታመጣለች» ብሎኛል። በዚያ አካባቢ አፕሪል 30 ሲመሽ ሕዝቡ የጠንቋይ ልብስ ለብሶ በእሳት ዙሪያ እንደሚጨፍር ታውቃላችሁ፤ ፎቶግራፉ በየዓመቱ ሳንጠይቅ ስለሚላክልን በዝርዝር አላደክማችሁም። በእሳት ዙሪያ መሆኑን ግን ልብ በሉልኝ። ሌላው ቢቀር ለቦታ አመራረጣቸው አድናቆቴን ሳልገልጽ ማለፍ ንፉግነት ይሆንብኛል።

አስተዋዮች ናቸው። በእነርሱው አቆጣጠር ከ1450 እስከ 1750 ገደማ በአውሮፓ በጥንቆላ ተከስሰው በፍርድ የተገደሉት ከ40 ሺህ እስከ 60 ሺህ እንደሚደርሱ የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሴቶች ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉም የሞቱት በጀርመን ምድር ነው። ይህን ሁሉ ሬሳ በሻንጣ ይዞ መዞር ለመንገደኛ አይመችም፤ አሻንጉሊት ግን ቀላል ናት፣ ለልጅም ትሆናለች። (በነገራችን ላይ «ጠንቋይ» የሚለው ቃላችን ነገሩን በደንብ አይገልጸውም። የእኛ ጠንቋይ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያማክር ባለሙያ ሲሆን፣ የእነርሱዋ ግን በስውር ትጎዳለች ተብላ የምትፈራ ጎረቤት ናት። የሚቀርባት «ቡዳ» ነው፤ ይህ ስም ስንቱን አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ እንዳስገለለ ለምናውቅ ደግሞ ቀልዱ ቶሎ አይገባንም።)

«የመካከለኛው ዘመን ድንቁርና ነው» እያለ ጎብኚውን የሚያጽናና አስጎብኚም ምስጋና ይገባዋል። ግድያው የበረታው ከ1560 እስከ 1650 ባለው ጊዜ መሆኑን፣ የፕላኔቶችን ሕግ የቀመረው ዮሐንስ ኬፕለር በጥንቆላ ለተከሰሰች እናቱ ጥብቅና ቆሞ እንደነበረና እርሷም ከ14 ወራት እስር በኋላ በ1621 እንደተፈታች ቢናገር የማንን ሽርሽር ባበላሸ ነበር?

ከሁሉ የምወደው ግን በኔዘርላንድ ኡደቫተር በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘውን ሚዛን ነው። ጠንቋይ በአየር የምትበር ከሆነ ቀላል መሆን አለባት ይባል በነበረበት ዘመን፣ የተጠረጠረ ሰው የገበያ ዕቃ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ክብደቱ ከቁመናው ጋር ከተመጣጠነ ይህንኑ የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ከጀርመን ድረስ ተጉዘው የሚመጡ ነበሩ። አቤት ሥልጣኔ! እስቲ አስቡት፤ ሴትዮዋ ከመንደሯ ስትነሣ ስለ ጠባይዋና ስለ ጸሎቷ የሚጠይቃት የለም፤ የሚጠየቀው ስንቋ ነው። በየማረፊያው ገንፎ ትደግማለች፤ መክሳት ወንጀል ሆኗልና ጾሙ ይቅርብሽ ትባላለች። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ የሚጠብቀው የወገቧን ምስክርነት ነው። ተርፋ ብትመለስ እንኳ ነገሩ አላበቃም፤ በቀጣዩ ክረምት ታምማ ብትመነምን ወረቀቷ ይታደሳል ወይስ እርሷ ትቃጠላለች? በችጋር ዘመንስ መንደሩ ሁሉ ሊበር ነው? ዛሬ ደግሞ የገዛ ቤቱን ሚዛን አልጋ ሥር የደበቀ ጎብኚ እዚያ ተሰልፎ በደስታ ይመዘናል፤ ጠንቋይ አለመሆኑን የሚገልጸውን ወረቀትም በመስተዋት አሠርቶ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅላል። በሕይወቱ ውፍረቱ የተመሰገነለት የመጀመሪያው ቀን ስለሆነ አልፈርድበትም።

የአሻንጉሊቷ መልክ ከየት መጣ? ጀርመናዊው ሠዓሊ ሐንስ ባልዱንግ ግሪን በ1510 በስትራስቡርግ በእንጨት ቀርጾ ያተመውን ሥዕል ተመልከቱ፤ እርቃናቸውን የሆኑ ሴቶች ማሰሮ ከብበው ተቀምጠዋል፣ ከማሰሮው እንፋሎት ይፈነዳል፣ አጥንት መሬት ላይ ወድቋል፣ አንዷ ፍየል ላይ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ትበራለች። እጁ ድንቅ ነው፤ ያየው ሰው ቅዠቱን ይዞት ይተኛል። ነገር ግን ሠዓሊው ያንን ድግስ በዓይኑ አላየውም፤ የሳለው ሰው ይፈራው የነበረውን ነው። ዛሬ በስኒና በካናቴራ ላይ እየታተመ የሚሸጠውም ያው የከሳሾች ቅዠት ነው።

ቀጣዩን ሳልስቅ ነው የምጽፈው። በሜይ 1626 ውርጭ ፍራንኮኒያ የተባለውን የጀርመን አውራጃ ወይንና እህል አጠፋ፤ ለውርጩ ጥፋተኛ ተፈለገ። በዚያው አውራጃ በባምበርግ ከተማ ከንቲባ የነበረው ዮሐንስ ዩኒዩስ በ1628 በጥንቆላ ተከስሶ ተይዞ አውራ ጣቶቹ በብረት ተጨፈለቁ። ገራፊው ራሱ፣ ሥቃዩን አትችለውምና ስለ እግዚአብሔር ብለህ አንድ ነገር ፈጥረህ ተናዘዝ ብሎ ለመነው። ተናዘዘ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ በጠንቋዮች ጭፈራ ላይ እነማንን እንዳየ የከተማው መንገዶች አንድ በአንድ እየተጠሩለት ስም እንዲሰጥ አስገደዱት። በተሰባበሩት እጆቹ ለልጁ ለቬሮኒካ ደብዳቤ ጽፎ ንጹሕ ሆኜ እሞታለሁ አላት፤ ከዚያም ገደሉት። እና ይህ ነው ከረሜላ እየላስን የምንጎበኘው? ሰዎቹ የተገደሉት በተረት ሳይሆን በችሎት፣ በማኅተምና በተማሩ ዳኞች ፊርማ ነው!

ይቅርታ፤ ውዳሴዬን ረሳሁ። አሻንጉሊቷን በማድ ቤቴ ሚዛን ላይ ከነመጥረጊያዋ አስቀመጥኋት፤ 140 ግራም ሆነች። በዚያ ዘመን ስሌት ይህ ክብደት ወደ እንጨት ክምሩ ያስኬዳታል። ለወዳጄ ደውዬ ብነግረው፣ ደረሰኙን ስላልጣለው በሌላ እንደምትቀየርልኝ አረጋገጠልኝ።