ቡላም ስኳር ከፍ ያደርጋል

እዚህ ሐዋሳ ስኳርና ውፍረት ላለባቸው አረጋውያን ምሳ ቤታቸው ድረስ ስለማድረስ ሲነሳ፣ «የቡላ ገንፎ ላኩላቸው፤ እንሰት ስለሆነ ስኳር አይጨምርም፣ እስኪጠግቡ ይብሉ» የሚል አስተያየት ደጋግሜ አየሁ። በቅን ልብ እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ ግን ልክ አይደለም።

ቡላ እንሰቱ ተፍቆ ሲጨመቅ ከውሃው የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ነው፤ ከሞላ ጎደል ስታርች። ምላስ ላይ ባይጣፍጥም ሆድ ከገባ በኋላ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል። አሰሩም ከቆጮ ያነሰ ነው። መሀሉ ላይ የሚቀልጠውን ቂቤ ውፍረት ላለበት ሰው እናንተው አስሉት።

ማረጋገጥ የፈለገ በቤት መለኪያ ከምግብ በፊት ይለካ፤ ከመጀመሪያው ጉርሻ 2 ሰዓት በኋላ ይድገም። ለብዙ አዋቂዎች ከምግብ በኋላ የሚፈለገው ከ180 mg/dL በታች ነው፤ ለአረጋውያን ሐኪም ሊያላላው ይችላል።

ቡላ ክልክል ነው አላልኩም። ጥቂት ጭልፋ፣ ጎመንና አይብ በዛ ብሎ ይላክ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ግን ስኳራቸው ድንገት ሊወርድ ስለሚችል፣ የቡላውን መጠን ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቁ።