ሽታው ሰዓት አለው፣ ቧንቧም አለው

ፋብሪካ ባለበት ከተማ የነዋሪዎች መድረክ ሲጠራ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ይሄ ሽታ መቼ ነው የሚቆመው?» መልሱም አይቀርም። «ከፋብሪካው ጋር እየተነጋገርንበት ነው» ይባላል፣ ሻይ ይመጣል፣ ሰው ይበተናል። ስለ ኮምቦልቻም ስለ ሰበታም መጻፍ ይቻል ነበር። እኔ ግን የቆዳ ፋብሪካዎች ባሉባት ሞጆ ላይ ልቆይ። የቆዳ ፋብሪካ ሽታ ከየት እንደሚመጣ በደንብ ይታወቃል። እየታወቀ ግን እንደ አየር ጠባይ ነው የሚወራለት።

ችግሩ የከተማ ምክር ቤቶቻችን በእንዲህ ያለ ጉዳይ ራሳቸውን እንደ ሽማግሌ ማየታቸው ነው። ነዋሪውን ያረጋጋሉ፣ ባለፋብሪካውን ይለማመጣሉ። ሽታ በሽምግልና አይፈታም። ሽታ የሚወጣበት ሰዓት አለው፣ የሚወጣበት ቧንቧም አለው። ምክር ቤት ሰዓቱን ይመዝግብ፣ ስለ ቧንቧው ይጠይቅ።

ቧንቧውን ላስረዳ። ጥሬ ቆዳ ፋብሪካ ሲገባ መጀመሪያ ጨውና ቆሻሻው ይታጠባል። ቀጥሎ ፀጉሩ እንዲለቅ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይዘፈዘፋል። ከዚያ አሲድ ውስጥ ይገባና ክሮም በሚባል ኬሚካል ይለፋል። ከኖራው ገንዳ የሚወጣው ውሃ ሰልፋይድ የተሸከመ ነው። ከአሲዱ ገንዳ የሚወጣው ደግሞ ኮምጣጣ ነው። ሁለቱ አንድ ቦይ ውስጥ ሲገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። ቀልድ አይደለም፤ በተለያዩ አገሮች የቆዳ ፋብሪካ ቦይና ጉድጓድ ሊያጸዱ ገብተው በዚሁ ጋዝ የሞቱ ሠራተኞች አሉ።

መድኃኒቱም ከታወቀ ቆይቷል። ሁለቱ ፍሳሾች ለየብቻ ይሄዳሉ። የሰልፋይዱ ውሃ ማንጋኒዝ ሰልፌት የሚባል ኬሚካል ተጨምሮበት፣ አየር እየተነፋበት ሰልፋይዱ ይጠፋል። ከሌላው ጋር የሚቀላቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ከቆዳው የተፋቀው ሥጋና ስብም ሳይበሰብስ ቶሎ ይነሳል። ከ1,000 ኪሎ ጥሬ ቆዳ ውስጥ ያለቀለት ቆዳ ሆኖ የሚወጣው ከ200 እስከ 250 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። የቀረው የት ይሄዳል? ይህን የማይጠይቅ ምክር ቤት ስለ ሽታ ባይሰበሰብ ይሻለዋል።

«እኛ እኮ ማጣሪያ አለን» የሚል መልስ ይመጣል። ማጣሪያ መኖሩና ማጣሪያ መሥራቱ ለየቅል ናቸው። አየር የሚነፋው ማሽን መብራት ይበላል፣ ኬሚካሉ ብር ይበላል። ወጪ መቀነስ ሲፈለግ ቀድሞ የሚጠፋው ምርት የማይሰጠው ማሽን ነው። እኔ የምክር ቤት አባል ብሆን የምጠይቀው ሪፖርት አይደለም። ማጣሪያው የራሱ ቆጣሪ ይኑረው እልና የየወሩን የመብራት ሂሳብ፣ ከኬሚካል ግዢው ደረሰኝ ጋር አምጡ እላለሁ። ሪፖርት ያሳምራል፣ ቆጣሪ ግን አያሳምርም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ከቁጥጥር መሥሪያ ቤት የሚመጣ ቡድን ብዙ ጊዜ ቀን፣ ያውም ቀጠሮ ይዞ ነው የሚመጣው። ማታ ግን አየሩ ቀዝቅዞ መሬት ላይ ይተኛል፣ ነፋሱ ይቆማል፣ ቀን ተበትኖ ይጠፋ የነበረው ጋዝ ሰፈር ውስጥ ይቀራል። ፍሳሽ በሌሊት ከተለቀቀማ አለቀ። ረፋድ ላይ መጥቶ «ምንም አልሸተተንም» ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። በየቀበሌው አንድ ደብተር ይቀመጥ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ ሽታው የት ሰፈር እንደነበረ ይጻፍበት። ይህ በጀት አይጠይቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩ ከፋብሪካው የሥራ ፈረቃ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ «የናንተ አፍንጫ ነው» የሚባለው ወሬ ያበቃል።

«ሠራተኞቹ እንኳ ምንም አይሉም» የሚሉም አሉ። ይሄን ክርክር ያመጣው ሰው አፍንጫ እንዴት እንደሚሠራ አልገባውም። ሰው ሽታ ውስጥ ሲቆይ አፍንጫው ይደክማል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድማ በአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ ወደ 100 እጅ ሲደርስ ጭራሽ ማሽተትን ያጠፋል። እዚያ ደረጃ ላይ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ባሰ ማለት ነው።

ሥራን በተመለከተ አልከራከርም። ፋብሪካው ይዘጋ ያለ የለም፣ እኔም አልልም። «ፋብሪካው ቀድሞ ነበር፣ እናንተ ናችሁ የመጣችሁት» የሚለው ግን ያስቃል። ቦታውን ለመኖሪያ የሸነሸነው ማነው? ነዋሪው በሌሊት መጥቶ ካርታ አልሠራም። እዚህ ላይ ከተማው ጣቱን ወደ ሌላ መቀሰር አይችልም።

ብዙዎች ተስፋቸውን የጣሉት በሞጆ ሌዘር ሲቲ ላይ ነው። ፋብሪካዎቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው የጋራ ፍሳሽ ማጣሪያ ይኖራቸዋል የተባለበት ዕቅድ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን የባንግላዴሽን ዋና ከተማ ዳካን ማየት ያስፈልጋል። ባንግላዴሽ ሐዛሪባግ በሚባለው የዳካ ሰፈር የነበሩትን ቆዳ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በፍርድ ቤት ትእዛዝ መብራትና ውሃቸውን ቆርጣ ከከተማዋ ወጣ ወዳለው ሳቫር አዛወረቻቸው። የጋራ ማጣሪያው ግን በቅጡ አላለቀም ነበር። የሐዛሪባግ ሰፈር እፎይ አለ፣ በሳቫር በኩል የሚያልፈው የዳሌሽዋሪ ወንዝ ተበከለ። ሞጆ ውስጥም ከማጣሪያው በፊት ፋብሪካ ቢገባ ውሃው የሚሄደው ያው ወደ ሞጆ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ቆቃ ነው።

«ሕግ የለም እንዴ?» ላለ፣ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ ነገር ምን እንደሆነ ሲተረጉም መጥፎ ሽታንም ይጨምራል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይሰጣል። በአዋጁ መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ጉዳዩ በቀጥታ እንደሚነካው ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። «ሰው» ሲባል ደግሞ በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠው አካልም ይገባበታል። እስካሁን ይህ መንገድ ለነዋሪው ብቻ የተተወ ይመስላል፤ እሱ ደግሞ ጠበቃ የሚይዝበት ገንዘብ የለውም። የከተማው አስተዳደር የሕግ ክፍል አለው፣ ማኅተም አለው። ደብተሩ ሲሞላ አቤቱታውን በራሱ ስም ይጻፍ።